ዘጠኝ የኮሚቴ አባላትና አንድ ባዶ መመሪያ

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ከአእምሮዬ ያልወጣው ሁለት ነገር ስላሳየኝ ነው። የአሰላ ሰው ለነጻ ሥራ ጊዜውን እንደማይሰስት አየሁ፤ እኔ ደግሞ ያንን ደግነት በስብሰባ መግደል እንደምችል አየሁ።

የኮምፒውተር መምህር ነኝ። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ፣ የፈረንጁን ወደ ኢትዮጵያ የሚቀይር አንድ ዝግጁ የኮድ ጥቅል አለ፤ ባለሙያዎች ላይብረሪ ይሉታል። ማንም ሰው ያለ ክፍያ አውርዶ ይጠቀምበታል። የሚያዘጋጁት በየአገሩ የተበታተኑ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የአማርኛውን መመሪያ የሚያስተባብር ሰው እንፈልጋለን ሲሉ እጄን አወጣሁ። የመጀመሪያውን ገጽ ራሴ ጻፍኩ፤ ፈቃደኞች ፈላልጌም ከእኔ ጋር ዘጠኝ ሆንን።

አሥራ ሁለት ገጽ ይቀር ነበር። አዘጋጆቹ ሁለት ወር ሰጡን። እስከዚያ ካልደረሰ የአማርኛው ክፍል ከአዲሱ እትም ይወጣል፣ ባዶ ገጽ ይዘን አንዞርም አሉ። እውነታቸውን ነው።

ለየሰዉ አንድ ሁለት ገጽ ማደል ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። እኔ ግን ስብሰባ ጠራሁ።

ስብሰባ ካለ ሰብሳቢ ያስፈልጋል። አማርኛውን ያርሙልናል ብለን የጋበዝናቸው ጡረተኛው ርዕሰ መምህር ጋሽ በዳዳ በሙሉ ድምፅ ተመረጡ። እርሳቸው በሕይወታቸው ኮድ አይተው አያውቁም፤ ቃለ ጉባኤ ግን አሳምረው ያውቃሉ። «ያልተመዘገበ ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠራል» አሉን። ከዚያ ምክትል ተመረጠ፣ ጸሐፊ ተመረጠ፣ ምክትል ጸሐፊ ተመረጠ፣ የሥነ ሥርዓት ተቆጣጣሪ ተመረጠ፣ ሌላም ሌላም። ሁሉም ሹመቱን ይዞ ሲቀመጥ የሚጽፍ ተራ አባል አልቀረም።

ስብሰባችን በጸሎት ይከፈታል። ጴንጤዎቹ ሲጨርሱ ሙስሊሞቹ ዱዓ ያደርጋሉ፤ ሁላችንም አሜን እንላለን። ይህንን እንኳን እወደዋለሁ። ከአሜን በኋላ ግን ጋሽ በዳዳ ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን ይጠይቃሉ። አይሟላም። አንዱ አባላችን ጫላ የሚመጣው ከሳጉሬ ነው፤ በገበያ ቀን ሚኒባሱ ላይ ከሰው ጆንያ ይቀድማል። ጫላ ላብ በላብ ሆኖ ሲደርስ ሌላው ለመዘምራን ልምምድ ይወጣል። ስለዚህ በሌላ ቀን እንገናኛለን።

ሦስተኛው ስብሰባ ስለ ማህተም ነበር፤ ክብ ይሁን ወይስ ሞላላ? አራተኛውም ስለ ማህተም ነበር። አልዋሽም፣ እኔም ደስ ይለኝ ነበር። «አቶ አስተባባሪ» ሲሉኝ ደረቴን እነፋለሁ። መመሪያው ውስጥ ግን ከእኔ ገጽ በቀር አንድ መስመር አልተጻፈም።

ቃለ ጉባኤያችንን የምትተይብልን ዘይነባ ናት። ከቴክኒክና ሙያ ተመርቃ መናኸሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት የከፈተች ልጅ ናት። ሰባተኛውን ቃለ ጉባኤ ይዤላት ስሄድ የቀረን ስድስት ቀን ነበር።

«መምህር፣ ይሄ ሁልጊዜ የምትሰበሰቡበት የቀን መቀየሪያ የእውነት ይሠራል እንዴ?» አለችኝ።

«ይሠራል እንጂ!» አልኩ ኮራ ብዬ።

«እኔ ፎርም ስሞላ ቀን የምቀይረው በጣቴ እየቆጠርኩ ነው። ባለፈው የአንዲት እናት የትውልድ ቀን ተሳስቼ ማመልከቻዋ ተመለሰባት። ከጎበሳ ድረስ ድጋሚ መጣች። ወላሂ፣ ፊቷን ማየት አቃተኝ።»

ከመሳቢያዋ የተበላሸ ወረቀት አወጣች። የእኛው ቃለ ጉባኤ ነው፤ ጀርባው በእጅ ጽሑፍ ተሞልቷል።

«የእርስዎን ገጽ ኢንተርኔት ላይ አይቼ ሞከርኩት። ሁለተኛው ደረጃ ላይ ቆመብኝ። መጀመሪያ መጫን ያለበትን ፕሮግራም አልጻፉትማ! ሁለት ቀን ታገልኩት። ያስቸገረኝን ሁሉ እዚህ ጽፌዋለሁ።» ከዚያ ወደ ኦሮምኛ ዞረች፤ ስትናደድ እንዲያ ነው። «ሜ ባርሲሳ! እስቲ ይንገሩኝ መምህር፣ ሰባት ቃለ ጉባኤ ተየብኩ። መመሪያውን የምተይበው መቼ ነው?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ከክፍል ስወጣ በቀጥታ ወደ እሷ ሱቅ ሆነ መንገዴ። እሷ ትሞክራለች፣ ስትደናቀፍ እኔ እጽፋለሁ። ደንበኛ ቀለል ሲል ራሷ ትጽፋለች። የእሷ አጻጻፍ ከእኔ ይሻላል፤ ሰው የት ላይ እንደሚጨነቅ ታውቃለች። አሥራ ሁለቱን ገጽ በአምስት ቀን ጨረስን፣ ከግማሽ በላይ የእሷ ነው። በስድስተኛው ቀን ላክሁት፣ ተቀበሉት። የአማርኛው መመሪያ ተረፈ። ሁሉንም የላክሁት ግን በእኔ አካውንት ስለነበር የመመሪያው ጸሐፊ እኔ ብቻ ሆኜ ወጣሁ።

ኮሚቴው በአስቸኳይ ተሰበሰበ። ምልዓተ ጉባኤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞላ። ጋሽ በዳዳ ሥራው ያለ ውሳኔ በመጠናቀቁ ወቀሱኝ፤ ወዲያው ደግሞ ስኬቱን የኮሚቴው አድርገው አስመዘገቡት። ለዘጠኛችንም የምስክር ወረቀት እንዲሰጠን ተወሰነ። ማህተሙ ሞላላ ሆነ።

ወረቀቱን ለማሠራት ከጋሽ በዳዳ ጋር ወደ ዘይነባ ሄድን። ስማችንን አንድ በአንድ ተየበች። ስትጨርስ ወደ እኔ ዞር አለች።

«ሌላ የሚጨመር ስም አለ?»

ጋሽ በዳዳ አጠገቤ ቆመዋል። አስተምረውኛል፤ እስከ ዛሬ ፊታቸው ቀና ብዬ አልናገርም። አባል ላልሆነ ሰው እንዴት ይሰጣል ሊሉኝ ነው ብዬ ፈራሁ።

«የለም» አልኩ።

አተመችው፣ ላሚኔት አድርጋ ሰጠችን።

ቤት እንደገባሁ፣ ከግማሽ በላይ የጻፈችው ዘይነባ ናት ብዬ ለአዘጋጆቹ ጻፍኩላቸው፤ ስሟን ከእኔ አስቀድመው አስገቡት። በማግስቱ ሄጄ በስልኬ አሳየኋት፣ ይቅርታም ጠየቅኋት። ስሟን አየችና ፈገግ አለች።

«ጥሩ ነው። ግን መምህር፣ ዘጠነኛው ገጽ ላይ ያለው ምሳሌ ጳጉሜን ዘሎታል። ጠዋት በጳጉሜ የተወለደ ሰው መጥቶ ነው ያየሁት። እሱን ያስተካክሉልኝ።»

እዚያው ቆሜ አስተካከልኩት።

ኮሚቴው አልፈረሰም፤ የምሥረታ በዓሉን ለማክበር ንዑስ ኮሚቴ እያዋቀረ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ወጥቻለሁ። ያቺ «የለም» ግን እስከ ዛሬ ትቆጨኛለች። ያን ቀን ደፍሬ «የአንቺ ስም አለ» ብላት ኖሮ ጋሽ በዳዳ ምን ያደርጉኝ ነበር እያልኩ ራሴን እጠይቃለሁ። ምንም አያደርጉኝም ነበር።