የድቡ አስተርጓሚ

ልጅ ሳለሁ ያየሁት የመጀመሪያ ፊልም የሥዕል ፊልም፣ አሁን ካርቱን የሚሉት፣ ነበር። ከሐሙስ ወዲህ እያሰብኩት ነው። ለልጄ ለምሕረት የሥዕል ፊልም የምታስተረጉምላት እናቷ ነበረች፤ ከሞተች ሦስት ወር ሆኗል። አክስቶቿ ግን ለአራት ዓመቷ ሕፃን «አዲስ አበባ ሄዳለች» አሏት፤ እኔም ዝም አልኩ። የአውቶቡስ ጡሩምባ በሰማች ቁጥር ወደ በር ትሮጣለች።

ያን ፊልም ያየሁ ጊዜ ደርግ ነበር፤ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ሁለተኛ ዓመቱ፣ እኔም የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሀዲያ ውስጥ፣ ከቦኖሻ ወዲህ ባለችው ትንሽ ከተማችን መብራት ስላልነበረ ጄኔሬተር የጫነ መኪና ከሆሳዕና መጣ፤ ሰዉ ሁሉ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ አዳራሽ እንዲገኝ ተነገረ። መስኮቶቹ በጆንያ ተጋረዱ። የናፍጣው ጭስ በበሩ ይገባል፤ ከፊልም ማሳያው መሣሪያ የሚወጣው ብርሃን በአቧራው መሀል አልፎ ግድግዳው ላይ የተወጠረው አንሶላ ላይ ያርፋል።

ፊልሙ ሩሲያኛ ነበር። የቀበሌው ሊቀ መንበር ጋሽ ላምቦሬን ጠርቶ አንሶላው አጠገብ አቆማቸው። ጋሽ ላምቦሬ ጸሎት ቤቱ ሳይዘጋ የሰባኪውን አማርኛ ወደ ሀዲይኛ ያስተረጉሙ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሩሲያኛ እንደማያውቁ ሁሉም ያውቃል፤ ግን አስተርጓሚ የሚባል ሰው ሌላ አልነበረንም።

እንደ ልማዳቸው እጃቸውን አጣምረው ቆሙ፤ ድቡ ተናግሮ እስኪጨርስ ይጠብቁና በአጭር በአጭሩ ይነግሩናል። ትንሹ ድብ እናቱን ፍለጋ በበረዶ ላይ ይሄዳል። ከተኩላ ያመልጣል፣ ወንዝ ይሻገራል፤ እኛ ልጆች መሬት ላይ ተቀምጠን ትንፋሻችንን ይዘናል። መጨረሻ ላይ ድቡ ኮረብታ ላይ ወጥቶ ብቻውን ቁጭ አለና ጮኸ። እናቱ አልመጣችም። አጠገቤ ያለች ልጅ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ላምቦሬ አንሶላውን ትተው እኛን እያዩ፣ «እናቱ ከኮረብታው ማዶ ናት። ድምፁን ሰምታዋለች» አሉ።

«አሜን» አልኩ።

ሳላስበው ነው። በዚያ ድምፅ የተነገረ ነገር ሲያልቅ ሌላ መልስ አላውቅም ነበር። ከኋላዬ ሴቶቹ ተከተሉ፤ ከዚያ አዳራሹ በሙሉ። መሣሪያው ቆመ።

«አሜን ያለው ማነው?» አለ ሊቀ መንበሩ።

«ድቡ ነው፣ ጓድ!» አለ አንድ ሰው ከኋላ። ሰው ሳቀ። ሊቀ መንበሩ አልሳቀም።

«እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው» አሉ ጋሽ ላምቦሬ።

«እናቲቱስ? ፊልሙ ላይ የታለች?»

«ከኮረብታው ማዶ ናት አልኩ እኮ፣ ጓድ ሊቀ መንበር። እንዴት ትታያለች?»

ዘጠኝ ቀን አሰሯቸው። እኔ ትንፍሽ አላልኩም። ሲፈቱ እናቴ ወተት አስይዛ ላከችኝ፤ ያኔ፣ አሜን ያልኩት እኔ እንደሆንኩ ነገርኳቸው።

«አውቃለሁ። ድምፅህ እንደ ግልገል ነው።»

«ሩሲያኛ ያውቃሉ እንዴ፣ ጋሽዬ?»

«ልጄ፣ አማርኛውንም በጸሎት ነው የምወጣው» አሉና ወተቱን ጠጡ።

ሐሙስ ዕለት ምሕረት የሥዕል ፊልም አስከፈተችኝ። እንግሊዝኛው ይፈጥንብኛል። «ምን አለ፣ አባ?» እያለች እጅጌዬን ትጎትታለች፤ የገባኝንም ያልገባኝንም እነግራታለሁ። አንድ ትንሽ ጦጣ በበርሜል ተቀምጦ ባሕር ተሻገረ። ደሴቱ ላይ ሲደርስ ማንም የለም።

«እናቱስ?» አለች።

ከኮረብታው ማዶ ልላት ነበር፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ያኔ አምኜዋለሁ፤ ብዙ ቀን የድቡ እናት ደርሳለች እያልኩ ተኝቻለሁ። ግን የእኔ እናት ቤት ነበረች።

«ሞታለች» አልኳት።

ምሕረት ቴሌቪዥኑን አየች። «እሱ ያውቃል?»

«አሁን ተነገረው።»

«ማን ነገረው?»

«አባቱ።»

ጉልበቴ ላይ ተደገፈች። «ከዚያስ?» አለች። እስከ መጨረሻው አስተረጎምኩላት፤ ምን እንዳልኩ አላስታውስም።

ከጋሽ ላምቦሬ የቀረኝ ዓይናቸውን ከእኛ ሳያነሱ መናገራቸው ነው። እኔ ያን አልቻልኩም፤ ጦጣውን እያየሁ ነው የነገርኳት።

በማግሥቱ ጠዋት የአውቶቡስ ጡሩምባ ተሰማ። ምሕረት ቀና ብላ አዳመጠች። ከዚያ ዳቦዋን ሻይዋ ውስጥ ነከረች።