ከአጥሩ ወዲያ የተሻገረው አምባዛ

ዛሬ ጠዋት አዲሷ ጎረቤቴ ዓሣዋን በነጠላ ሸፍና አለፈችኝ። "እንዴት አደርሽ?" አልኋት። "እግዚአብሔር ይመስገን" አለችና ቅርጫቱን ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ፣ ከእኔ ወደሚርቀው በኩል አዛወረችው። ምግብ ቤቷን የከፈተችው በቅርብ ነው። ምን ያህል እንደገዛች፣ ከማን እንደገዛች እንዳላውቅባት መጠንቀቋ ነው። ከነጠላው ጫፍ ግን አንድ ጅራት ወጥቶ ነበር፤ ደርቆ ተኮራምቷል። የትናንት ዓሣ ነው ያሸከሟት። ቅርጫቷን ገልጣ ብታሳየኝ ኖሮ ገና ከደጃፌ ሳታልፍ እነግራት ነበር።

ሽንኩርት እየላጥሁ ብቻዬን ሳቅሁ። የሳቅሁት በእሷ አይደለም፤ በእናቴና በእትዬ ዘይነባ ነው። እኔ ገና በሃያዎቹ ያለሁ ሰው ስለሆንሁ "ያኔ" ብዬ ስጀምር ትልልቆቹ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ለትዝታ ሽበት ያስፈልጋል የሚል ሕግ አላነበብሁም።

ያኔ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤቴ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ሳይሆን ቀርቶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ተቀምጬ ማለቴ ለወጉ ነው፤ እኔ መቀመጥ አይሆንልኝም። በእናቴ ምግብ ቤት ውስጥ ሳህን ሳጥብ እሰብራለሁ፣ ደንበኛ ሲያጉረመርም አፍ እመልሳለሁ። አንድ ጊዜ አንድ መምህር "ይቺ ዓሣ ትንሽ አልሆነችም?" ቢሉኝ "እርስዎም ትንሽ ዘገዩ" ብያቸው እናቴ ከጓዳ ሮጣ ወጥታ ይቅርታ ጠየቀችልኝ።

ቤታችን ባሕር ዳር፣ ግሽ አባይ ሰፈር ነው። የምንሸጠው ምሳ ብቻ ነው፤ የዓሣ ጥብስ፣ ለብለብ፣ ሽሮ። የሚበሉት ከየአገሩ ለሥራ መጥተው ባሕር ዳር የከረሙ የቢሮና የፋብሪካ ሰዎች ናቸው፤ ሐይቁ አጠገባቸው እያለ ዓሣ ሲያጡ እንደ ግል በደል የሚቆጥሩ። ከእኛ ቀጥሎ፣ የቆርቆሮ አጥር ብቻ ለይቶን፣ የእትዬ ዘይነባ ምግብ ቤት አለ። እትዬ ዘይነባ የወረታ ነጋዴ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። ሾርባቸውንና ሳምቡሳቸውን ለመብላት ከሌላ ሰፈር ሰው ይመጣል።

ሁለቱ ሴቶች ተጣልተው አያውቁም። በዓል ሲመጣ "እንኳን አደረሰሽ" ይባባላሉ፣ ሐዘን ሲደርስ አብረው ይቀመጣሉ። ገበያ ላይ ግን አይተዋወቁም። ሁለቱም ጎሕ ሲቀድ ወደዚያው ሐይቅ ዳር፣ ወደዚያው ዓሣ አጥማጅ፣ በየግላቸው ባጃጅ ተኮናትረው ይሄዳሉ። ሲመለሱም አንዱ ባጃጅ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ነው። እናቴ ቅርጫቷን በጆንያ ሸፍና ባለባጃጁን "ቅደማት ልጄ፣ ቅደማት!" ትለዋለች። ወዴት ብሎ ነው የሚቀድማት? የሚወርዱት ጎን ለጎን ነው።

በዚያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን ገጠሙ። ሙቀቱ ከጠዋት ጀምሮ አስፋልቱን ያቀልጣል፣ ማንጎው በየጥላው ስር ተከምሯል፣ መብራት እንደ እንግዳ ብቅ ብሎ ይጠፋል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለካህናቱ ልተወውና፣ የእኛ ደንበኞች በዚያ ወር ከዓሣ ሌላ አይጠሩም ነበር። የእትዬ ዘይነባ ደንበኞች ደግሞ ሲጾሙ ውለው ማፍጠሪያቸው የዓሣ ሾርባ ነው። እኛ ለቀትር፣ እሳቸው ለጀምበር መጥለቂያ፤ ዓሣው ግን ያው የማለዳ ዓሣ።

በዚህ ላይ ባለበረዶው መኪና መጣ። በረዶ ጭኖ ከአዲስ አበባ እየመጣ የአንድ ጀልባ ዓሣ ከነሙሉ ጭነቱ የሚያነሣ መኪና ነው። ዓሣ አጥማጆቹ ምን አደከማቸው? ለእናቴ ትንሽ፣ ለእትዬ ዘይነባ ትንሽ እየቆጠሩ ፀሐይ ከሚመታቸው አንድ ጊዜ አራግፈው ቤታቸው መግባት መረጡ። እናቴ ባዶ ቅርጫት ይዛ መመለስ ጀመረች። ባዶውንም ቅርጫት በጆንያ ትሸፍነው ነበር፤ ባዶ መሆኑን እትዬ ዘይነባ እንዳያዩባት። ደንበኞቻችን አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ። አንድ ቀን እናቴ ወንበሮቹን ትክ ብላ አይታ "ከፋሲካ በኋላ ቤቱን እዘጋለሁ" አለችኝ። "አንቺም አንበሳሜ አጎትሽ ዘንድ ትሄጃለሽ፣ እህል ትመዝኚለታለሽ።"

አንበሳሜን አልጠላትም፣ ገበያዋ የደራ ነው። የእናቴ ታናሽ ወንድም ግን ደግ ሆኖ አፍ የሌለው ሰው ነው፤ ካልጠየቁት አይናገርም፣ ከጠየቁትም አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ እዚያ ብሄድ ከሚዛኑ ጋር ማውራት እጀምር ነበር። ሐይቁን፣ ዘንባባውን፣ ይህን ዓሣ ዓሣ የሚል ቤት ጥዬ የምሄድ ሰው አይደለሁም።

"ነገ ሐይቅ የምሄደው እኔ ነኝ" አልኋት።

"አንቺ ደግሞ ዓሣ መግዛት ታውቂያለሽ?"

"መጨቃጨቅ አውቃለሁ።"

እሱን አልካደችም።

በማግስቱ ለዓሣ ብቻ ሳይሆን ለሳምንቱ ሽንኩርትና ዘይትም የሚሆነውን ገንዘብ ይዤ ወረድሁ። ውሃው ላይ ጉም ተኝቷል፣ ደንገሉ ውስጥ ወፎች ይንጫጫሉ። አያ ቢምረው፣ እናቴና እትዬ ዘይነባ የሚሻሙባቸው ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባቸውን አስጠግተው ቆመዋል።

"አያ ቢምረው፣ ለምሳ የሚሆን ይስጡኝ።"

"ቆጥሬ አልሸጥም፣ ልጄ። ወይ ከነጭነቱ ውሰጂ፣ ወይ መኪናው እየመጣ ነው።"

"ከነጭነቱ ማን ይበላዋል?"

"እሱን ለመኪናው ንገሪው።"

ከላይ የሚታየው ቆሮሶ ነበር፤ ቅርፊቱ በጠዋት ፀሐይ የሚያብለጨልጭ፣ ለጥብስ የተፈጠረ። ከዘንባባዎቹ በኩል የመኪና ድምፅ ሰማሁ። "ወሰድሁት!" ብዬ የያዝሁትን በሙሉ በመዳፋቸው አኖርሁ። አያ ቢምረው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር።

ባለባጃጁ "ዓሣ አልጭንም፣ ወንበሬ ይሸታል" አለኝ። "አሁን የሚሸተው ታዲያ ምንድን ነው?" ስለው ስቆ ጫነኝ።

እናቴ ጆንያዎቹን ስታይ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ቆሮሶውን እያነሣች "የእኔ ልጅ!" ስትል፣ እንደገና እያነሣች "የእኔ ልጅ!" ስትል፣ እጇ ወደ ታች ዘለቀና ቆመ። ሲወጣ ጥቁር፣ ረጅም፣ ጺማም ዓሣ ይዞ ወጣ። አምባዛ ነው። ከስሩም አምባዛ፣ ከዚያም ስር አምባዛ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው፣ እማ።"

"ክንፍና ቅርፊት የሌለውን! በሁዳዴ! በእኔ ድስት!"

የእኛ ሰው ቅርፊት የሌለውን ዓሣ አይበላም፤ ጺሙን ከሩቅ ካየ ሽሮውንም ጥሎ ይሄዳል።

"ዘይቱስ? ሽንኩርቱስ የታለ?" አለች።

"እሱም ዓሣ ሆኗል።"

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልጮኸችም፤ በርጩማ ስባ ቁጭ አለች። ያኔ ነው የፈራሁት። መብራት የለም። ከቀትር በኋላ ያ ሁሉ አምባዛ ይሸታል። ቆሮሶው ደግሞ ያለ ዘይትና ያለ ሽንኩርት ምን ይሆናል? አንበሳሜ በገዛ እጄ ቀረበችኝ።

በዚህ መሀል ከቆርቆሮው ወዲያ ቅርጫት ሲወረወር ተሰማ። የእትዬ ዘይነባ ድምፅ ተከተለ፦ "ዛሬም ባዶ! ለጾመኛ ውሃ አፍልቼ ልስጠው?"

ጀልባውን ከነጭነቱ ያነሣሁባቸው እኔ ነበርሁ እኮ። እናቴን አየኋት። አየችኝ።

"እንዳታደርጊው" አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

"ምኑን?"

"ያሰብሽውን። ምን እንደገዛን፣ እንዴት እንደከሰርን ልትነግሪያት ነው? መሳቂያ ልታደርጊኝ?"

"እማ፣ መሳቂያ መሆን ይሻላል ወይስ አንበሳሜ?"

መልስ አልጠበቅሁም። ትልቁን አምባዛ በስንጥቡ ይዤ የውሃው በርሜል ላይ ወጣሁና ጭንቅላቱን ከአጥሩ በላይ ብቅ አደረግሁት።

"እትዬ ዘይነባ!"

ቀና ሲሉ ከባለጺሙ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። "ቢስሚላሂ!" ብለው ወደ ኋላ ዘለሉ።

"እኛ አምባዛ ተርፎናል" አልኋቸው። "ሽንኩርትና ዘይት ጎድሎናል። እርስዎስ ምን ጎደለዎት?"

"አንቺ ልጅ፣ ማን ላከሽ?"

"ማንም።"

አምባዛውን አዩት። እኔን አዩኝ። ከዚያ ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ። "ጥሩዬ! ይቺን ልጅ ከየት ነው ያመጣሻት?"

እናቴ ከጓዳ ሆና "እኔም እሱን ነው የምጠይቀው!" አለች። ሳታስበው ነው የመለሰችው። ከመለሰች በኋላ ዝም ማለት አልቻለችም።

ሥጋ ቢሆን ኖሮ አጥሩ አጥር ሆኖ ይቀር ነበር። የእኛን እሳቸው አይበሉም፣ የእሳቸውን እኛ አንበላም። ዓሣ ግን ባርኮ የሚያርድ ሰው አይፈልግም፤ ከውሃ ከወጣ የወጣ ነው። እትዬ ዘይነባ "ለሾርባ ከአምባዛ የሚበልጥ የለም፣ ስቡ ነው ሾርባውን ሾርባ የሚያደርገው፣ አሁኑኑ ብቀቅለው ለማታ ይደርስልኛል" እያሉ አንድ በአንድ ተቀበሉኝ። ከወዲያ ደግሞ ወንድማቸው ከወረታ በአይሱዙ የሚያመጣላቸው ቀይ ሽንኩርት በዘንቢል መጣ፣ ዘይቱም በጀሪካን ተከተለ። በርሜሉ ላይ ቆሜ ሳቀብል እጄ ዛለ። እናቴ ከስር ሆና ቀስ ብላ "የሽንኩርቱን ፍሬ አየሽው? እንዴት ያምራል!" ትለኛለች። ለካ እሷ ሁልጊዜ የምትገዛው የእሳቸውን ወንድም ሽንኩርት ነበር፤ ሦስተኛ ነጋዴ እጅ ገብቶ፣ ሸተት ብሎ።

ምሳ ሰዓት ላይ የቆሮሶ ጥብስ ሽታ መንገዱን ተሻገረ። የመጡት ጥቂቶች የቀሩትን በስልክ ጠሩ። እኚያ መምህር ሳይቀሩ መጡና ሳህናቸውን እያዩ "ዛሬ ዓሣዋ ትልቅ ናት" አሉ። "እርስዎም በጊዜ መጡ" አልኋቸው። እናቴ በዚያን ቀን ይቅርታ አልጠየቀችልኝም። ሲመሻሽ እትዬ ዘይነባ አንድ ሳህን ሳምቡሳ በአጥሩ ላይ ላኩ፤ በምስር የተሠራ፣ ጾማችንን አስበው።

ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ባጃጅ ሆነ፣ አንድ ጀልባ ከነጭነቱ። ገበሬው ወንፈል እንደሚገባው ማለት ነው፤ ዛሬ ለእኔ፣ ነገ ለአንቺ። ሽንኩርቱ፣ ቲማቲሙ፣ የይፋግ ሩዙም ለሁለታችንም በአይሱዙው መጣ። ሁሉ ነገር ማር ሆነ አልልም። ቆሮሶው ለእኛ፣ አምባዛው ለእሳቸው፤ ነጭ ዓሣ የሚባለውን ሦስተኛውን ዓይነት ግን ሁለቱም ቤት ስለሚፈልገው እናቴና እትዬ ዘይነባ እንደ ሕፃን ተኮራረፉበት። "ትልልቁን ለራሷ መረጠች!" "ዓይኗ ትንሽ ስለሆነ ነው ትልቅ የሚመስላት!" በመጨረሻ ሰለቸኝና "ከሐይቅ ያመጣው ቤት ሁለት ቦታ ይመድብ፣ ሌላው ቤት ቀድሞ ያንሣ" አልኋቸው። ከዚያ ወዲያ እናቴ ስትመድብ ብታዩዋት የወርቅ ሚዛን የያዘች ነው የሚመስላችሁ።

ፋሲካ ሲደርስ አጎቴ ሊወስደኝ ከአንበሳሜ መጣ። እናቴ ዓሣ አቀረበችለትና "ይቺማ ሐይቅ ሥራ አላት" አለችው። በላ፣ በላ፣ እጁን ታጠበና "ጥሩ ዓሣ ነው" ብሎ ብቻውን ተመለሰ። ለእሱ ይህ ረጅም ንግግር ነው።

ቆርቆሮው ላይ በር ከወጣለት ቆየ። እናቴና እትዬ ዘይነባ አሁን ጉልበታቸው ደክሟል፤ በሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተቀምጠው እኔ የገዛሁትን ያጣጥላሉ። በዚህ አንድ ቃል ናቸው። ቤታችን በየጠዋቱ የሚከፈተው ግን ዛሬም በዚያው ጥያቄ ነው፦ ምን ተረፈሽ፣ ምን ጎደለሽ? አንዳንዴ ሳስበው በእነዚያ ዓመታት የተበላሸብን ዓሣ ሁሉ የተበላሸው በሙቀት አልነበረም። በጆንያው ነው።

አዲሷ ጎረቤቴ ያለችው በሌላው ወገን ነው፤ እዚያ ያለው አጥር ብሎኬት ነው፣ ከቆርቆሮውም ይረዝማል። ሽንኩርቱን ልጬ ጨረስሁ። ከዚያ በርሜሉን እያንከባለልሁ ወደዚያ ወሰድሁት። እናቴ "ደሞ ጀመራት" አለች። እትዬ ዘይነባ "ተያት፣ ጥሩዬ" አሉ።

ወጣሁና "ጎረቤት!" አልሁ። "እኛ ሎሚ ተርፎናል። አንቺ ምን ጎደለሽ?"

ከወዲያ የሚንኳኳው ቢላዋ ቆመ። የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ ደረቅ ጅራት ያለው ዓሣ፣ ነጠላ ሳይለብስ፣ በሁለት እጇ ቀስ ብሎ ወደ እኔ ከፍ አለ።

"እስቲ እይልኝ" አለች። "ይሄ የትናንት ነው እንዴ?"