ከኋላ ወንበር የተነሳ ጠጉር

መኪና አጣቢዋን ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ጓንት» ይሏታል። የውሻና የድመት ጠጉር ከመኪና ወንበርና ምንጣፍ ላይ በረጠበ የጎማ ጓንት እየጠረገች ስታነሳ፣ «እሷ ባለፈችበት ዝንብም ያዳልጠዋል» እያሉ ይቀልዳሉ።

ትናንት አንዲት ወጣት የአባቷን መኪና አመጣችና፣ «እትዬ፣ አባባ ውሻችን ሞታበት አዝኗል፤ እንዲረሳት አንድም ጠጉር እንዳይቀር» አለቻት። አልቀረም።

ዛሬ መኪናውን ሊወስዱ ሽማግሌው ራሳቸው መጡ። የኋላውን በር ከፍተው ወንበሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት።

«እዚህ ነበር የምትተኛው። ጠጉሯን የት ደፋሽው፣ ልጄ?»

«ቆሻሻ ጫኞች ጠዋት ወሰዱት፣ አባቴ» አለች፤ እጇን የምታሳርፍበት ጠፋት።

ሽማግሌው በሩን ቀስ ብለው ዘጉና፣ «እጅሽ ይባረክ» አሏት። «ልጄ ከጠየቀችሽ፣ አባትሽ ደስ ብሏቸው ነው የሄዱት በያት።»