አንድ ክፍል ብቻ ያለው ግንባር

ልጅ ሳለሁ፣ አምስተኛ ክፍል እያለሁ፣ እናቴና አክስቴ በእኔ ግንባር ምክንያት በአባባ ሙሜ ምድጃ ዳር ተጣሉ። ግንባሬ የሚተኮስበት ብረት እሳት ውስጥ ከገባ ቆይቷል።

«ወንድሜ ከዘመቻ ሲመለስ አንድ ዓይን ያላት ልጅ ላስረክበው?» ትላለች የአባቴ ታላቅ እህት አክስቴ ዘይነባ።

«ግንባሯ የተጠበሰስ ልታስረክቢው ነው?» ትላለች እናቴ።

«እኔም በልጅነቴ ተተኩሻለሁ። ሞትኩ?»

«አንቺማ ምን ይገድልሻል፣ አዴ ዘይነባ! ያን ቀን የታመመው ብረቱ ይሆናል።»

ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ምሽት ግን የቀኝ ዓይኔ ሽፋን አብጦ ከጠዋት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ትኩሳቱም ጥርሴን ያንቀጫቅጨኛል። አባባ ሙሜ የብረቱን እጀታ በጨርቅ ይዘው ቀስ እያሉ ያገላብጡታል። ማን እንደሚያሸንፍ ይጠብቁ ነበር።

ያኔ ያ ምድጃ ለእኔ የተረት ቦታ ነበር። አባባ ሙሜ ጎረቤታችን ነበሩ። የጭሮ ብርድ ከተራራው ሲወርድ የሰፈሩ ልጆች እሳቸው ቤት እንሰበሰባለን፤ የማሽላ አገዳው ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለው፣ የኩራዙ ብርሃን ጥላችንን ግድግዳው ላይ እያስረዘመው፣ ተረት እስኪጀምሩ እንጠብቃለን። ጥርስ ስላልነበራቸው ጫታቸውን በትንሽ ሙቀጫ ወቅጠን ነበር የምንሰጣቸው፤ የወቀጠ ልጅ ከጎናቸው ይቀመጣል። እኔ መናገር እፈራ ስለነበር ተረት ጠይቄ አላውቅም፣ በመውቀጥ ግን ማንም አይቀድመኝም።

ከሁሉ የምንወደው የጸሐይ ጂኒን ተረት ነበር። ጂኒው ቤት የለውም፤ ሌሊቱን ገደል ውስጥ ያድራል፤ ጸሐይ ስትወጣ ጥላ ፍለጋ የሰው ግንባር ውስጥ ይገባል። እዚያ ሁለት ክፍል አለ፣ አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ። ጂኒው በአንደኛው ተቀምጦ እስከ ቀትር ግድግዳውን ይደበድባል፤ ጸሐይ ስታዘቀዝቅ ይወጣል። እምቢ ካለ በክፍሉ ደጃፍ እሳት ይደረግበታል፤ ያኔ ቀሚሱን ሰብስቦ ወደ ሁለተኛው ክፍል ይዘልና በዚያ በኩል ያመልጣል። አባባ ሙሜ ሲዘል እያስመሰሉ ሲያሳዩን በሳቅ እንወድቅ ነበር። በብረት የሚተኩሱት እሳቸው ራሳቸው መሆናቸው ያኔ ከተረቱ የተለየ ነገር አይመስለኝም ነበር።

ከዚያ እኔን ያመኝ ጀመር። ጠዋት ጸሐይ ስትወጣ ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ይጀምረኛል፣ እስከ ቀትር እየባሰ ይሄዳል፣ ደብተሬን ለማንሳት ጎንበስ ስል ግንባሬ ተነቅሎ የሚወድቅ ይመስለኛል፤ ከሰዓት በኋላ ይተወኛል። አንደኛው አፍንጫዬ ተደፍኖ ከሌላው የሚወርደው ወፍራምና የሚሸት ስለነበር አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ቦታ ቀየረች። አክስቴ ሌላ ማስረጃ አላስፈለጋትም። በጸሐይ ይመጣል፣ በጸሐይ ይሄዳል፤ ጂኒው ነው።

እናቴ ግን ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። ከጎጃም ተመድቦ የመጣው ሐኪም ራጅ አስነሳኝና በመስኮቱ ብርሃን እያሳየ አስረዳት። ከቅንድብ በላይ፣ አጥንቱ ውስጥ፣ አየር ብቻ ያለበት ባዶ ክፍል አለ። ብዙ ሰው በቀኝም በግራም አለው። የእኔ የግራው ከነጭራሹ አልተፈጠረም። ይህ በሽታ አይደለም፣ የአፈጣጠር ልዩነት ነው፤ በሽታው የቀኙ ነው፣ ወደ አፍንጫ የሚወርድበት ቀዳዳ ጠቦ መግል ሞልቶታል። ክኒን ሰጠንና፣ ዓይኗ ካበጠ ሳትውሉ ሳታድሩ ድሬዳዋ ውሰዷት አለ።

ዓይኔ ያበጠው ክኒኑ ሳያልቅ ነው። እናቴ ቀኑን ሙሉ መንገድ ዳር ቆማ መኪና አጣች፤ ከመሸ ደግሞ ያኔ ማንም አይንቀሳቀስም። አክስቴ «እስከ ነገ ዓይኗ ይፈሳል» ብላ እጄን ይዛ አባባ ሙሜ ቤት አስገባችኝ፤ እናቴም እየተሳደበች ተከተለችን።

ጠቡ ድንገት ቆመ። እናቴ ደክሟት ነበር። «በሉ ቢስሚላህ በሉ እንግዲህ» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አክስቴ ራሴን በጉልበቶቿ መሃል ያዘችው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትፍሪ። አሁን ይወጣል» አሉኝ አባባ ሙሜ።

ድምፄ ከየት እንደመጣ እስካሁን አላውቅም። «አባባ፣ በየት ይወጣል?»

«በግራው ነዋ! ይህን ሁሉ ጊዜ ስነግራችሁ ተኝተሽ ነበር?»

«እኔ ግራ የለኝም። አልተፈጠረም ብሏል ሐኪሙ። እሳት ካደረጉበት የሚሄድበት የለውም፤ እኔው ውስጥ ይቀራል።»

«አቦ ዝም በይ! አፍ የምታወጪው ዛሬ ነው?» አለች አክስቴ።

እናቴ ግን ዞረች። ራጁን ከነጠላዋ ስር አውጥታ ለአባባ ሙሜ ሰጠቻቸው። አባባ ሙሜ ብረቱን እሳቱ ውስጥ ተዉት፣ ኩራዙን አነሱና ራጁን ፊት ለፊቱ ያዙት። በቀኝ በኩል ዳመና የሞላው የመሰለ ክፍል ይታያል። በግራው ነጭ አጥንት ብቻ ነው። በአውራ ጣታቸው እዚያ ነጩ ላይ ፈለጉ፣ ደግመው ፈለጉ፤ ከዚያ ያንኑ ጣት በራሳቸው ግንባር ላይ አሳረፉ።

በማግሥቱ ማለዳ ጫት የጫነ መኪና ድሬዳዋ አደረሰን፤ እዚያ ሐኪሞቹ መግሉን በመሣሪያ አወጡልኝ፤ ዓይኔም ተረፈ። አሁን አሥረኛ ክፍል ነኝ። አባቴ አልተመለሰም። ሕመሙን ረስቼዋለሁ፣ የእሳቸው ፊት ግን አይረሳኝም። በሰፈራችን ከቅንድባቸው በላይ የብረት ምልክት ያለባቸው ብዙ ሰዎች አሉ፤ ያኔ የእነሱን ግንባር አንድ በአንድ እያስታወሱ ይሁን፣ ወይስ ተረታቸው እጃቸው ላይ ስለፈረሰ አዝነው፣ መጠየቅ ፈርቼ ቀረሁ። ከእሳት ያዳነኝ ራጁ ይሁን ወይስ ተረቱ፣ እሱንም ለይቼ አላውቅም።

ያን ምሽት፣ ጣታቸው ገና ግንባራቸው ላይ እንዳለ፣ «አባባ፣ ብረቱ እኮ ደረሰ!» አለች አክስቴ።

አባባ ሙሜ ራጁን በእናቴ ጭን ላይ አስቀመጡ። ከዘራቸውን ከግድግዳው አነሱ፤ የገዛ ቤታቸውን ከነእሳቱ ለእኛ ትተው ወጥተው ሄዱ።