የባቡር መሐንዲስ ሆኜ መካነ ሰላም ቀረሁ

ዛሬ እዚህ መካነ ሰላም በተማሪዎች ምረቃ ላይ የክብር እንግዳው የኔን ታሪክ እንደ ቀልድ አወራው። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር።

ሰውየው የከላላ ልጅ፣ አብሮ አደጌ ነው። ከድርቁና ከአብዮቱ በኋላ ሁለታችንም ለሁለተኛ ዲግሪ ውጭ አገር ተልከን ነበር።

እኔ መማር የፈለግሁት የውሃ ምሕንድስና ነው። በድርቁ ጊዜ የሰፈራችን ምንጭ ነጥፎ እህቶቼን ቀብሬያለሁ።

እሱ ቀድሞኝ ስለሄደ ቋንቋውን ለምዷል። የዩኒቨርሲቲውን መዝጋቢ ያናገረልኝ እሱ ነው።

«የውሃው ሞልቷል አለች። አብሽር፣ የባቡሩን ያዝ» አለኝ። አመስግኜው ያዝኩ።

(ባቡር እስካሁን መካነ ሰላም አልደረሰም። ጡረታ እስክወጣ ሒሳብ አስተማርኩ።)

ዛሬ ለልጆቹ ምን አላቸው? «ሴትዮዋስ ቦታ አለ ብላ ነበር። አንድ ክፍል ከገባን ይበልጠኛል ብዬ ፈራሁ።»

እሱ ውሃውን ተምሮ እዚያው ውጭ አገር ቀረ።

ከመድረክ ሲወርድ አቀፈኝ። «አልተቀየምከኝም አይደል?»

«ኧረ ምን አለ» አልኩት።

እናንተስ፣ የምትማሩትን የመረጠላችሁ ማን ነበር? እስቲ ጻፉልኝ። ባለቤቴ ከምንጭ እየተመለሰች ነው፤ ወጥቼ ጄሪካኑን ልቀበላት።