ቡራዩ ያስቀመጠልን ራት

ንጋት፣ ሰበታ

ገና ጎህ ሲቀድ ተነሳን። በየዓመቱ በዳግማይ ትንሣኤ ሰበታና ቡራዩ ኳስ ይጋጠማሉ፤ ዘንድሮ ተራው የቡራዩ ሜዳ ነው። ድሮ ቢሆን በትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ እንደ ጆንያ ተደራርበን፣ እየዘፈንን ነበር የምንሄደው። አሁን ቡድኑን የያዘው ፋብሪካ ነውና ሎንቺና አቁሞልናል። ወንበሩ ይመቻል፤ የሚዘፍን ሰው ግን የለም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ኳስ መትቼ አላውቅም፤ የቡድኑን ማልያ ግን አቡጀዲ አረንጓዴ ቀለም ነክሬ የምሰፋው እኔ ነበርኩ። ዘንድሮ ፋብሪካው ከከተማ ነጭ ማልያ አስመጥቶ ጀርባው ላይ ስሙን በትልቁ አጽፎበታል። አምበላችን ታደሰ ያንን ለብሶ ሲገባ አየኝና አፈረ።

«ጋሼ፣ አይክፋዎት። ሥራም ሰጥተውኛል» አለኝ።

«ያምርብሃል» አልኩት። ምኑ ያምርበታል፣ ብብቱ ላይ ይይዘዋል።

ረፋድ፣ መንገድ ላይ

ዓለም ገናን አልፈን ወደ አዲስ አበባ እየተጠጋን ነው። እርሻው ደረቅ፣ መንገዱ አቧራ። ኮልፌ ላይ ወርደን ትኩስ ፓስቲ በሻይ ቀመስን፤ ፓስቲው ከድሮው አንሷል፣ ዋጋው ግን አላነሰም። ሾፌሩ የሱሉልታ ልጅ ነው።

«እናንተስ ቡድን አላችሁ» አለኝ። «የእኛን ጥሩ ጥሩዎቹን የከተማ ቡድን ወሰዳቸው። የቀሩት ተበተኑ። እሁድ እሁድ ሜዳው ላይ በግ ነው የሚግጥበት።»

«ታዲያ አሁን ማንን ትደግፋለህ?»

«ያንኑ የወሰዳቸውን ቡድን ነዋ» አለ። «ሌላማ ማንን አውቃለሁ።»

ይህን ብሎ ወደ ቡራዩ መታጠፊያ ገባ።

ከሰዓት፣ ቡራዩ

የገፈርሳ ንፋስ ባሕር ዛፉን ያወዛውዘዋል። የቡራዩ ቡድን አባት ኦቦ ቶሎሳ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሜዳው ዳር ይጠብቁናል።

«አከም ጂርታ፣ እንዴት ነህ ሰፊው? ዘንድሮ ውሃውን የምትቀዱት እናንተ ናችሁ» አሉኝ።

«እናያለን፣ ኦቦ። እርስዎ ብቻ በጉን ያሳምሩ።»

ውሃ ያሉት ደንባችንን ነው። ከጨዋታው በኋላ ባለሜዳው ራት ያበላል፤ የተሸነፈው ቡድን አምበል ደግሞ ቆሞ አሸናፊዎቹን እጅ ያስታጥባል። ሜዳ ላይ የተሰዳደበ ሁሉ እዚያ ይታረቃል። ኦቦ ቶሎሳ ዘንድሮ የፋብሪካውም ሰዎች ይመጣሉ ብለው ሌላ በግ ጨምረዋል፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተውሰዋል።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ታደሰ በጭንቅላቱ አገባና አሸነፍን። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህኩ፤ የማልያውንም ነገር ረሳሁት። ሰው መቼም ለሚወደው ሞኝ ነው።

ላባቸው ሳይደርቅ የፋብሪካው ተወካይ ተጫዋቾቹን ወደ ሎንቺናው ነዳቸው።

«ግቡ፣ ግቡ። ሥራ አስኪያጁ ሰበታ ራት አሰናድተው ይጠብቃሉ። ፎቶግራፍ አንሺም አለ።»

«ኦቦ ቶሎሳ ቤት እኮ...» አለ ታደሰ።

«እሱ ለሌላ ጊዜ ይሆናል።»

ታደሰ ዞሮ አየኝ። ነገ እንጀራ ብሎ ፋብሪካው በር ላይ የሚቆመው እሱ ነው። አንገቱን ደፍቶ ገባ። ደጋፊውም ተከትሎ ገባ። እኔን ግን እግሬ እምቢ አለኝ፤ «ሂዱ፣ እኔ በሌላ መኪና እመጣለሁ» አልኳቸው።

አመሻሽ፣ ኦቦ ቶሎሳ ግቢ

አግዳሚዎቹ በሁለት ረድፍ ተደርድረዋል። የቡራዩ ልጆች በአንደኛው በኩል ተቀምጠዋል፤ ማዶው ባዶ ነው። አምበላቸው ማንቆርቆሪያና ፎጣ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።

«ሰዎቹስ?» አሉኝ ኦቦ ቶሎሳ፣ ከኋላዬ መንገዱን እያዩ።

«አይመጡም፣ ኦቦ። ይቅር ይበሉን፤ ወሰዷቸው።» እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም።

ሽማግሌው ባዶውን አግዳሚ ትንሽ አዩት። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው «ሰበታ መጥቷል፤ ራት አቅርቡ» አሉ። እኔንም «ኮቱ ታኢ፣ ና ተቀመጥ» ብለው የአሸናፊው አምበል ቦታ ላይ ብቻዬን አስቀመጡኝ።

የቡራዩ አምበል መጣና ጎንበስ ብሎ ውሃውን አፈሰሰልኝ። አንድም ቀን ኳስ ያልነካሁ ሰውዬ ነኝና አፍሬ እጄን ቶሎ ሰበሰብኩ።

«ቀስ ብለው ይታጠቡ፣ ጋሼ» አለኝ። «የአሥራ አንድ ሰው እጅ ነው።»