እማሆይ የተኙባት ዝግባ

ከደብረ ታቦር ገበያ ስመለስ ባጃጁ ከቤተ ክርስቲያናችን በር አወረደኝና አንድ ሽታ አፍንጫዬን ያዘው። የቤንዚንና የዛፍ ሙጫ ሽታ። ቤንዚኑን ተውት፣ ለምደነዋል። ሙጫው ነው እማሆይ ወለተ ሐናን ያመጣብኝ። ቆባቸውም፣ ነጠላቸውም፣ እጃቸውም ይሄንኑ ይሸት ነበር። ልጅ ሆነን እጃቸውን ስንስም ከንፈራችን ላይ ይቀር ነበር።

እኔ ፊደል ቆጥሬ ዳዊት ሳልደርስ ወደ እርሻ የተመለስሁ ሰው ነኝ፤ አሳምሬ አልጽፈውም፣ እንዳየሁት እነግራችኋለሁ። እማሆይ ባላቸውና አንድ ልጃቸው በአንድ ክረምት በተስቦ ሞተውባቸው ቆብ የደፉ ሴት ናቸው። ጎጇቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ከመቃብሩ ጥግ ነበረች። ያን ጊዜ መቃብር እንደ ዛሬው ሲሚንቶና የብረት አጥር የለውም። ድንጋይ ይከመራል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ አለቀ። በክምሩ ውስጥ ሽኮኮ ይወልዳል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ከነልጆቹ ከሟቹ ራስጌ ተቀምጦ ይሞቃል። ጃርት እሾኩን ጥሎ ያልፋል። ከአሮጌው ኮሶ ሆድ ውስጥ ንብ ሰፍሮ፣ በመስከረም ቅዳሴው ከንቡ ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ ነበር የሚሰማን። የአጋሙን ፍሬ ከወፎች እየተሻማን እንበላለን፤ ይሄን እማሆይ አይከለክሉንም። ጭራሮ የሰበረ ግን ወየውለት። የወደቀ እንጨት የሚለቀመው ለቤተ ልሔም ነው፣ ለመሥዋዕቱ መጋገሪያ። የቆመ ዛፍ የታቦቱ ነው። ቅርንጫፍ የያዘ ልጅ ካገኙ በመቋሚያቸው እግሩን ቸብ እያደረጉ፣ «የማንን ጠጉር ነው የነጨኸው?» ይሉታል።

ከሁሉ ከሁሉ ግን ጉሬዛዎቹ ነበሩ። ጥቁር ናቸው፣ ትከሻቸው ላይ ነጭ ለምድ የደረቡ። ከቤተ ክርስቲያኑ በስተቀኝ አንድ መንጋ፣ በስተግራ አንድ መንጋ። ከመካከል ትልቋ ዝግባ አለች፤ መሬት ሳይረግጡ የሚገናኙት በእሷ ነው። ጎሕ ሲቀድ የቀኞቹ ጉሮሯቸውን እንደ ከበሮ ያስገመግማሉ። የግራዎቹ ይቀበላሉ። እማሆይ ከጎጇቸው በር ቆመው፣ ደብተራዎቹ በማኅሌት እንደሚቀባበሉት አድርገው፣ «ቀኝ መራ… ግራ ተቀበለ» ይላሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚያማትቡት።

አንድ ቀን አንድ ግራዝማች በበቅሎ መጡ፣ ምንሽር ጠመንጃቸውን ለአሽከር አሸክመው። ልጃቸውን ሊድሩ ነውና ለመደቡ የጉሬዛ ቆዳ ምንጣፍ አምሯቸዋል። ቄሶቹ አንገታቸውን ደፉ። መሬቱ ያለው በግራዝማች እጅ ነው፣ ምን ይበሉ። እማሆይ ቁርበታቸውን ከጎጆ አወጡ፣ ዝግባዋ ሥር አነጠፉ፣ እግራቸውን ወደ ምሥራቅ ዘርግተው እንደ ሬሳ ተጋደሙ። ነጠላቸውን እስከ ፊታቸው ሳቡት።

«ቄሶች፣ ፍትሐቴን አስቀድሙልኝ።»

«ምን ሆነው ነው እማሆይ?» አሉ ግራዝማች።

«ጉሬዛው የሚወድቀው እኔ ላይ ነው፣ ደሙም እኔው ላይ ነው። ከነደሙ ከምትቀብሩኝ አሁን በንጹሕ ልብሴ ፍቱኝ።»

ግራዝማች ሣቁ። ቆይተው ሣቁን ተዉት። ከቅጽሩ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ቤተ ክርስቲያኑ ይረክሳል፣ ቅዳሴ ይታጎላል፤ ይሄን በልጁ ሠርግ ሰሞን ማን ይሸከመዋል? በቅሏቸውን አዙረው ሄዱ። እማሆይ አልነሣ አሉ። ጠጋ ብለን ብናይ እንቅልፍ ወስዷቸዋል።

እማሆይ የሞቱት እኔ ጢም ሳቀምጥ ነው። «ድንጋይ አትጫኑኝ፣ ዝግባዋ ትበቃኛለች» ብለው ነበርና እዚያው ሥር ቀበርናቸው። ምልክታቸው ዛፏ ብቻ ሆነች።

ዘንድሮ ሰፊ ሕንፃ ቤተ ክርስቲያን ይሠራ ተባለ። አሮጌዋ ጠባናለች፣ እውነት ነው፤ በበዓል ሰው ዝናብ ላይ ነው የሚቆም። ልጄ አገርነሽም ከዐረብ አገር ስትመለስ ለእናቷ ነፍስ ብላ ከላቧ ሰጥታለች። ማንን ክፉ ልበል? በጉባኤው ተነሥቼ ከዝግባዋ ወዲህ ይሁን አልሁ። ንድፉ አልቋል አሉኝ። ደግሜ ብነሣ አጨበጨቡልኝና አስቀመጡኝ።

እንግዲህ ያን የገበያ ቀን ሽታውን ተከትዬ ስገባ፣ የሞተር መጋዙ ትንንሾቹን ዛፎች ጨርሶ ወደ ዝግባዋ ዞሯል። ጋቢዬን አነጠፍሁ። እግሬን ወደ ምሥራቅ አድርጌ ተጋደምሁ።

«ፍትሐቴን አስቀድሙልኝ» አልሁ።

መጋዙ ዝም አለ። ለአፍታ የሆነልኝ መሰለኝ። ኋላ አንዱ ጎረምሳ በስልኩ ሲቀርጸኝ አየሁ። ወጣቱ ቄሳችን መጥተው ከራስጌዬ ተቀመጡ። የእማሆይን ነገር ያውቁታል፣ ስንት ጊዜ አውርቼላቸዋለሁ።

«አባቴ፣ እኛ እኮ ጉሬዛ ልንገድል አልመጣንም» አሉ ቀስ ብለው። «ለእግዜር ቤት ነው።»

 እማሆይ ቢሆኑ ምን ይሉ እንደነበር እስከ ዛሬ አስባለሁ፣ አይመጣልኝም።

አገርነሽ ሮጣ ደረሰች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «አባባ፣ ይነሡ። መሬቱ ይበርዳል፣ ወገብዎን ያመዎታል» አለች። አልነሣም አልሁ። ጎረምሶቹ ጋቢዬን በአራት ማዕዘን ያዙና፣ ቀስ በል፣ እንዳትጥላቸው እየተባባሉ ተሸከሙኝ፤ ከአጥሩ ጥላ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጡኝ። ለስላሳ ከፍተው አስያዙኝ። አንድም ሰው አልተቆጣኝ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ጠርሙሱን እንደያዝሁ ዝግባዋ ወደቀች።

መሠረቱ ሲቆፈር የወጣውን አጥንት በማዳበሪያ ሰብስበው፣ ጸሎት አድርሰው ከጥግ ቀበሩት። የማን የማን እንደሆነ ማን ይለየው። የግራዎቹ ጉሬዛዎች ጥቂት ቀን ከአሮጌዋ ቆርቆሮ ጣራ ላይ ተደርድረው ወደ ማዶ ሲያዩ ሰነበቱ። ኋላ በባሕር ዛፉ በኩል ሲሄዱ ታዩ ተባለ። ባሕር ዛፍ ለጉሬዛ ምኑ ነው?

ጎሕ ሲቀድ መንቃቱ ግን አልተወኝም፤ ከእማሆይ የቀረልኝ ይኸው ነው። የቀኞቹ ይጀምራሉ። «ቀኝ መራ» ይላል አፌ። ከዚያ እጄን ለማማተብ አንሥቼ እጠብቃለሁ።